«ሳይነስዎ ይነሣል»፦ የላይ መንጋጭላ አጥንት ለመነመነባቸው ሰዎች የሚሰጠው የጥርስ ትክል ሕክምናና የአማርኛ ስያሜዎቹ

በደቡብ ወሎ «ሐይቅ» የሚለው ቃል የወል ስምም፣ የተጸውዖ ስምም ነው። አንድ ሰው «ነገ ወደ ሐይቅ እወርዳለሁ» ቢል፣ ሰሚው የተነገረው ስለ ከተማዪቱ ይሁን ስለ ውሃው ወይም ስለ እስጢፋኖስ ገዳም ለማወቅ ሌላ ቃል መጠበቅ ይኖርበታል። ከዚህ ውሃ በስተደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ የሚገኘው ታናሽ ጎረቤቱ ግን የራሱ ስም ስላለው፣ «አርዲቦ ሐይቅ» ሲባል የሚያደናግር ነገር የለም፤ የፊተኛው ቃል ማንነቱን፣ የኋለኛው ዓይነቱን ይናገራል። የዓይነት መጠሪያ የነበረ ቃል የአንድ ነገር ብቻ ስም ሆኖ ሲቀር የሚፈጠረው መደናገር በመልክዓ ምድር ላይ ሲሆን ጉዳቱ ቀላል ነው፤ መንገደኛው ቢሳሳት ጠይቆ ይመለሳል። በሕክምና ላይ ሲሆን ግን ታካሚው የማይፈልገውን ነገር እንዲቀበል ወይም የሚጠቅመውን ነገር እንዲተው ያደርጋል።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ጉዳይ ያጋጠመን እዚያው በአርዲቦ አካባቢ፣ ለቃላት ስብሰባ በሄድንበት ጊዜ ነው። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንድ ገበሬ የላይ የኋላ ጥርሶቻቸው ካለቁ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጃቸው ወደ ከተማ ወስዳ ለአንድ የጥርስ ሐኪም አሳየቻቸው፤ ሲመለሱም ከባዕድ ቋንቋ የተተረጐመ የአንድ ገጽ ማብራሪያ ተሰጣቸው። የማብራሪያው ዋና ዓረፍተ ነገር የሚከተለው ነበር፦ «የላይኛው መንጋጋዎ አጥንት ስለጠፋ፣ ንቅለ ተከላ ከመደረጉ በፊት ሳይነስዎ ይነሣል፤ ባዕድ አጥንትም ይጨመራል።» የወንድማቸው ልጅ ካነበበላቸው በኋላ ሕክምናውን ተዉት። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ መንጋጋዬ እንደወለቀ ለማወቅ ከተማ መሄድ አያሻኝም ነበር። ደግሞስ ከማን ነቅለው ነው ለእኔ የሚተክሉት? ሳይነስ የሚባል በሽታ ይዞኝ አያውቅም፤ አሁን ገንዘቤን ከፍዬ በሽታ ላስነሣ?»

አዛውንቱ አልተሳሳቱም። የሰሙት አማርኛው የሚለውን ነው። የተሳሳተው ትርጉሙ ነው፤ እንዴት እንደተሳሳተም ቃል በቃል መመርመር ለሙያ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

1. መንጋጋና መንጋጭላ

የጥርስ ዓይነቶች በአማርኛ ሲቈጠሩ የፊት ጥርስ፣ ክራንቻና መንጋጋ ይባላል። ስለዚህ «መንጋጋ» ለብዙው ተናጋሪ አስቀድሞ የሚያሰማው እህል የሚፈጭበትን የኋላ ጥርስ ነው። ጥርሶቹን የያዘውን አጥንትም መንጋጋ የሚል አለ፤ ሆኖም ጉዳዩ ራሱ ጥርስ በሆነበት ጽሑፍ ውስጥ አንዱን ቃል ለያዡም ለተያዡም ማዋል አሻሚነትን መጋበዝ ነው። ለአጥንቱ «መንጋጭላ» የሚል ቃል አለን። መንጋጭላ ብቻውን ሲነገር አንዳንድ ሰው የታችኛውን ብቻ ስለሚያስብ፣ ሁልጊዜ «የላይ መንጋጭላ»፣ «የታች መንጋጭላ» ብሎ መለየት ይገባል።

ከመንጋጭላው ውስጥ ጥርሶቹ የተሰኩበትን ከፍ ያለ የአጥንት መስመር ለብቻው መጥራት ያስፈልጋል፤ የምንነጋገርበት ጉዳት የሚደርሰው በእርሱ ላይ ነውና። ለዚህ «የጥርስ መደብ» የሚለውን እናቀርባለን። መደብ በቤት ውስጥ ከወለሉ ከፍ ብሎ የሚሠራው መቀመጫ፣ በእርሻም ችግኝ የሚፈላበት ከፍ ያለ አፈር ነው፤ ሁለቱም ትርጉሞች ለነገሩ ይስማማሉ።

2. ጠፋ፣ ሳሳ፣ መነመነ

«አጥንትዎ ጠፍቷል» የሚለው አነጋገር ፊቱን በእጁ እየዳሰሰ ለሚሰማ ሰው እውነት አይመስልም። የሚሆነው ነገር እንዲህ ነው። የጥርስ መደብ የሚኖረው ለጥርስ ነው። ጥርሱ ሲወልቅ አጥንቱ ይሸከመው የነበረው የማኘክ ጫና ስለሚቀርበት፣ ሰውነት አጥንቱን ቀስ በቀስ መልሶ ይመጠዋል። የኋላ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የመደቡ ወርድ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ከዚህም የሚበዛው የሚቀንሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ከዚያ በኋላ አካሄዱ ዝግ ይላል እንጂ አይቆምም። የድድ ሕመም፣ አደጋ ወይም ዕጢ ሲጨመርበት ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል።

ለዚህ ሁኔታ «መሳሳት» የሚለውን ቃል መጠቀም አይገባም፤ «የአጥንት መሳሳት» በዕድሜ ምክንያት የመላው ሰውነት አጥንት ጥንካሬውን ለሚያጣበት ሌላ ሕመም ተይዟል። ሁለቱን ማምታታት አደገኛ ነው። ለአጥንት መሳሳት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የመንጋጭላን ቁስል እንዳይድን ስለሚያደርጉ፣ ሐኪሙ «የአጥንት መሳሳት አለብዎት ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ታካሚው የተጠየቀውን ለይቶ ማወቅ አለበት። «መሸርሸር»ም ለአፈር ጥሩ ቃል ቢሆንም፣ ከውጭ በሆነ ኃይል መታጠብን እንጂ ከውስጥ መመጠጥን አያሳይም። «መነመነ» ግን ለሰውነትም ለደንም የሚነገር፣ ከነበረው እያነሰ መሄድን የሚገልጽ ቃል ነው። ስለዚህ «የአጥንት መመንመን» እንላለን።

3. ንቅለ ተከላ፣ ተከላ፣ ትክል

«ንቅለ ተከላ» ነቀለና ተከለ ከሚሉት ግሦች የተሠራ የተዋጣለት ስያሜ ነው። በተለይ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ በሕዝብ ዘንድ ጸንቷል። ፍቺውም ግልጽ ነው፤ ከአንዱ ሰው ወጥቶ ለሌላው የሚገባ የአካል ክፍል አለ ማለት ነው። የጥርስ ሕክምናው ግን ከማንም የሚነቅለው ነገር የለም፤ በአጥንት ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከቲታኒየም የተሠራ ብሎን ነው። በሌላ በኩል «መንቀል» የጥርስ ሕክምና የዕለት ቃል በመሆኑ፣ «የጥርስ ንቅለ ተከላ» ያለ ሰው «ጥርሴን ነቅለው ሌላ ይተክሉልኛል» ብሎ ቢረዳው፣ ወይም አዛውንቱ እንዳሉት «ከማን ተነቅሎ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስገርም አይደለም።

ቋንቋችን ከዚሁ ሥር ሌላ ቃል አዘጋጅቶ አስቀምጦልናል። የአክሱምና የጢያ የቆሙ ድንጋዮች «ትክል ድንጋይ» ይባላሉ፤ ያልበቀለ፣ በሰው እጅ የተተከለና ጸንቶ የቆመ ነገር ማለት ነው። ስለዚህ ድርጊቱን «ተከላ»፣ በአጥንት ውስጥ የሚገባውን አካል «ትክል» ብንል፣ ሕያው የሆነውን «ተክል»ንና «ንቅለ ተከላ»ንም ሳንነካ አራቱን ፅንሰ ሐሳቦች በአራት ቃላት እንለያለን። በትክሉ አናት ላይ የሚገባው ክፍል «አገናኝ»፣ በእርሱም ላይ የሚደፋው ሰው ሠራሽ ጥርስ «የጥርስ ቆብ» ይባል።

ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ ቲታኒየም ከሕያው አጥንት ጋር አጥብቆ እንደሚያያዝ ተረድቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያው ታካሚ የጥርስ ትክል አደረገ። ይህን መያያዝ «ውሕደት» ማለት ይቻላል፤ ብረቱ ብረት፣ አጥንቱም አጥንት እንደሆነ ይቀራልና መቀላቀል አይደለም። ውጤቱን ለመግለጽ ግን ገበሬው የሚያውቀው ቃል አለ። የተተከለ ችግኝ ሥር ይዞ ሲቀር «ጸደቀ» ይባላል፤ ከተተከሉት ምን ያህሉ እንደያዙ የሚገልጸውም «የጽድቀት መጠን» ነው። «ትክሉ ጸድቋል»፣ «የትክል ጽድቀት መጠን» ብንል በአርዲቦ ዙሪያ የሚሰማ ሁሉ ይረዳዋል። ተርጓሚው ግን አንድ ማሳሰቢያ መጨመር ይገባዋል፤ የጸደቀ ችግኝ ራሱን ችሎ ያድጋል፣ የጸደቀ ትክል ግን ዕለት ዕለት ካልጸዳ በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ቈስሎ ይለቃል።

4. ሳይነስ

ከላይ የኋላ ጥርሶች በላይ፣ በላይ መንጋጭላ አጥንት ውስጥ፣ በግራና በቀኝ በአየር የተሞላ ክፍተት አለ። ይህ ክፍተት የበሽታ ምልክት አይደለም፤ በጤነኛ ሰው ሁሉ የሚገኝ ነው። ነገር ግን «ሳይነስ» የሚለው የውሱ ቃል ወደ አማርኛ የገባው ክፍተቱ ሲታመም በመሆኑ፣ ዛሬ በሕዝብ አነጋገር «ሳይነስ አለብኝ» ማለት «ሳይነሴ ታሟል» ማለት ሆኗል። በመግቢያችን እንደጠቀስነው እንደ ሐይቅ ስም፣ የዓይነት መጠሪያው ለአንዱ ነገር ብቻ ተይዟል።

በዚህ ላይ «ማንሣት» ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። በሽታ በአማርኛ «ይነሣል»፤ «አስሙ ተነሣበት»፣ «የሚጥል በሽታው ተነሣ» እንላለን። በተቃራኒውም «ማንሣት» ከቦታው ወስዶ ማስወገድ ነው። ስለዚህ «ሳይነስዎ ይነሣል» የሚለው ለአንዱ «በሽታ ይቀሰቀስብዎታል»፣ ለሌላው «ከሳይነስ በሽታ ይድናሉ» ማለት ይሆናል። ሁለቱም ሐኪሙ ያላሰባቸው ናቸው፤ የኋለኛውማ ታካሚው ያልተሰጠውን ተስፋ ይዞ እንዲፈርም ስለሚያደርግ ከፊተኛው የባሰ ነው።

ሐኪሙ የሚያደርገውን ለመረዳት አርዲቦንና ሐይቅን የሚለያየውን መሬት ማሰብ ይበጃል። መሬቱ ከሁለቱም ወገን እየተበላ ቢሄድ በመካከል የሚቀረው ቀጭን ጠርዝ ብቻ ይሆናል። በላይ መንጋጭላም እንዲሁ ነው። ጥርስ ሲወልቅ መደቡ ከታች ወደ ላይ ይመነምናል፤ ከላይም አየር ያዘለው ክፍተት ወለሉን ወደ ታች እያሰፋ ይወርዳል። በመጨረሻ በአፍና በክፍተቱ መካከል የሚቀረው አጥንት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ትክል የሚይዝበት ሥፍራ የለውም ማለት ነው። ሐኪሙ ክፍተቱን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ሳይቀድ ከወለሉ አላቆ ወደ ላይ ይገፋና፣ ከሥሩ የአጥንት መሙያ ይጨምራል። ይህን ብልሃት በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ሒልት ታተም የተባለው አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም አስተዋወቀው፤ ቦይንና ጄምስም እ.ኤ.አ. በ1980 በጽሑፍ አወጡት።

ክፍተቱን «የላይ መንጋጭላ አየር ዋሻ»፣ ሕክምናውንም «የዋሻ ወለል ከፍ ማድረግ» እንድንል እናሳስባለን። ቃሉ ረዘመ የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል፤ ሆኖም በሽታ የማያስነሣ ረጅም ስያሜ በሽታ ከሚያስነሣ አጭር ስያሜ ይሻላል። «ሳይነስ» የሚለውን ከሕዝቡ አፍ ማውጣት አይቻልም፣ አያስፈልግምም፤ ለሕመሙ ይቆይ።

5. ድቀላ፣ ሙሌት፣ ጭመራ፤ ባዕድ አጥንት

የመነመነውን አጥንት ለማካካስ የሚደረገውን ሥራ አንዳንዶች ከአትክልት ሙያ ወስደው «ድቀላ» ይሉታል፤ የተዳቀለ የአቮካዶ ችግኝ እንደሚባለው ማለት ነው። ነገር ግን ከቃሉ ጋር ተያይዞ የሚመጣው «ዲቃላ» ስድብ ስለሆነ፣ ለሰው አካል አንመርጠውም። «ሙሌት»ም ለተቦረቦረ ጥርስ ተይዟል። ቀመረ «ቅመራ» እንደሚል፣ ጨመረም «ጭመራ» ይላል፤ «የአጥንት ጭመራ» ሳይብራራ የሚገባ ቃል ነው።

የሚጨመረው ከአራት ምንጭ ይገኛል። ከታካሚው ከራሱ አገጭ፣ መንጋጭላ ወይም ዳሌ ሊወሰድ ይችላል፤ ከሌላ ሰው፣ በብዛት ከሞተ ለጋሽ፣ ተወስዶና ታክሞ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ከእንስሳ ሊገኝ ይችላል፤ በቤተ ሙከራም ሊሠራ ይችላል። «ባዕድ አጥንት» የሚለው ትርጉም የሦስተኛውን ዓይነት ሳይንሳዊ ስም ቃል በቃል የመለሰ ነው። ነገር ግን «ባዕድ» በአማርኛ ዘመድ ያልሆነ፣ አልፎም «ባዕድ አምልኮ» እንደሚባለው ከሃይማኖት ውጭ የሆነ ማለት ነው፤ የእንስሳውን ማንነት ግን አይናገርም። በገበያ ላይ ያለው የእንስሳ አጥንት አብዛኛው ከከብት የሚዘጋጅ ሲሆን ከአሳማ የሚዘጋጅም አለ፤ ጭመራውን ለመሸፈን የሚውለው ስስ ጨርቅ መሰል ነገርም ብዙ ጊዜ ከአሳማ ወይም ከከብት የሚወጣ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብተው በሚኖሩበት፣ ሁለቱም ከአሳማ በሚርቁበት በወሎ፣ ይህን በአንድ የማይታወቅ ቃል ሸፍኖ ማለፍ የትርጉም ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ሊወስንበት የሚገባውን ነገር መንጠቅ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው «ከእንስሳ አጥንት» ብሎ አያቁም፤ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ከሐኪሙ ጠይቆ በስሙ ይጻፈው።

6. አማራጮቹና መጠሪያዎቻቸው

ማብራሪያው ሌላም ጉድለት ነበረበት፤ አንድ መንገድ ብቻ ያለ አስመስሎ ነበር። የላይ መንጋጭላ አጥንት የመነመነበት ሰው አማራጭ ብዙ ነው፤ የትኛው እንደሚስማማው የሚታወቀውም የቀረውን አጥንት ቁመትና ወርድ በሚያሳይ ባለ ሦስት ገጽታ ራጅ ነው።

የሚወልቅ ጥርስ፦ በድድና በላንቃ ላይ የሚያርፍ፣ ታጥቦ የሚመለስ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ቀዶ ሕክምና አይጠይቅም፤ መደቡ እየመነመነ ሲሄድ ግን ስለሚላላ በየጊዜው መስተካከል አለበት። በጥቂት ትክሎች ላይ እንዲያዝ ማድረግም ይቻላል።

አጭር ትክል፦ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ 6 ሚሊሜትር ግድም የሆነ ትክል ነው። ለእርሱ የሚበቃ ቁመት ካለ ጭመራን ሊያስቀር ይችላል።

የዋሻ ወለል ከፍ ማድረግ፦ የቀረው አጥንት 5 ሚሊሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ለትክሉ በተበሳው ቀዳዳ በኩል «ከታች» ሊሠራ ይችላል። ከዚያ ሲያንስ ግን በአጥንቱ ጎን መስኮት ተከፍቶ «ከጎን» ይሠራል። ከጎን ሲሠራ ጭመራው እስኪጠነክር አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ወር ይፈጃል። ለአርዲቦ ገበሬ ይህ ከአንድ የእርሻ ወቅት ያለፈ ጊዜ ነውና፣ ተርጓሚው ወራቱን በግልጽ ሊጽፍ ይገባል።

ሰያፍ ትክል፦ የኋላዎቹ ሁለት ትክሎች ከዋሻው ፊት ለፊት ዘንበል ብለው ይገባሉ፤ ከፊተኞቹ ሁለት ጋር ሆነው አንድ ሙሉ ረድፍ ጥርስ ይሸከማሉ። ይህ አሠራር የታወቀው በሊዝበን በፓውሎ ማሎ ሥራ ነው። «ሰያፍ» ለአጻጻፍ የለመድነው ቃል ስለሆነ አቅጣጫውን በሚገባ ያሳያል፤ «ጠማማ ትክል» ማለት ግን ስሕተት የተሠራ ያስመስላል።

የጉንጭ አጥንት ትክል፦ መደቡ ጨርሶ ሲያልቅ፣ ከ30 እስከ 50 ሚሊሜትር የሚደርስና ከዚያም የሚያልፍ ረጅም ትክል ከአፍ ተነሥቶ በጠንካራው የጉንጭ አጥንት ይታሰራል። ይህንንም ያስጀመረው ብሮነማርክ ነው። መንገዱ በአየር ዋሻውና በዓይን ጉድጓድ አጠገብ ስለሚያልፍ ልዩ ሥልጠና ያለው ሐኪም ይጠይቃል። «የጉንጭ ትክል» ብሎ ማሳጠር አይገባም፤ ጉንጭ ሥጋውም ነውና ታካሚው ብረት በጉንጩ የሚወጋ ይመስለዋል።

የክንፍ አጥንት ትክል፦ ከላይ መንጋጭላ በስተኋላ ያለውና ቅርጹ በክንፍ የተመሰለው አጥንት የሚይዘው ትክል ነው። የግሪክኛው መነሻ ራሱ ክንፍ ማለት ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ቃል በቃል መተርጐሙ ጉዳት የለውም።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር፣ ትንባሆ ማጨስና ያልተስተካከለ የስኳር ሕመም የትክልን ጽድቀት እንደሚቀንሱ በማናቸውም ማብራሪያ ላይ መጻፍ አለበት።

7. መደምደሚያ

የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ከተቋቋመበት ከ1964 ዓ.ም. አንሥቶ፣ በ1989 ዓ.ም. እስከ ታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ድረስ፣ የሙያ ቃላት ሥራ ብዙ ጊዜ የደከመበት ጥያቄ «ይህን ፅንሰ ሐሳብ የሚመልስ ቃል የትኛው ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ «ይህን ቃል የሚሰማው ሰው ምን ይወስናል?» የሚል መሆን አለበት። በእኛ ምሳሌ «ማንሣት»፣ «ባዕድ»ና «መንጋጋ» እያንዳንዳቸው መዝገበ ቃላት የሚያጸድቃቸው ፍቺዎች ናቸው፤ የከሸፉት በሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ሐኪም አማክረን እንደገና ጻፍነው፦

«የላይ የኋላ ጥርሶችዎ ከወለቁ ብዙ ጊዜ ስለሆነ፣ ይይዛቸው የነበረው አጥንት መንምኗል። ትክል ለመያዝ የሚበቃ ቁመት የለውም። ከአጥንቱ በላይ በሰው ሁሉ የሚገኝ፣ አየር የሞላበት ዋሻ አለ፤ በሽታ አይደለም። ሐኪሙ የዋሻውን ስስ ሽፋን ከወለሉ አላቆ ከፍ ያደርግና፣ ከሥሩ ከበሬ አጥንት የተዘጋጀ ዱቄት ይጨምራል። ከ6 እስከ 9 ወር በኋላ የብረት ትክል ይገባል፤ ትክሉ ከማንም ሰው የተነቀለ አይደለም። ይህን ካልፈለጉ የሚወልቅ ጥርስ ማሠራት ይችላሉ፤ ሌሎች አማራጮችም ስላሉ ሐኪሙን ይጠይቁ።»

ጽሑፉ ከመጀመሪያው አምስት እጥፍ ያህል ይረዝማል። ለአዛውንቱ ሲነበብላቸው ግን ስለ ሳይነስም፣ ስለሚነቀልበት ሰውም አልጠየቁም። የጠየቁት «በሬውን ያረደው ማን ነው?» ብለው ነው። ወሎን የሚያውቅ አንባቢ የጥያቄውን ክብደት ያውቃል። ለዚህ መልስ የሚሰጡት ሐኪሙና የሃይማኖት አባቶች ናቸው፤ መቀበሉም አለመቀበሉም የእርሳቸው ነው። የቋንቋ ሠራተኛ ድርሻ ጥያቄው በትክክለኛው ነገር ላይ እንዲነሣ ማስቻል ነበር።

ከላይ በቀረቡት ስያሜዎች ላይ፣ በተለይ «ትክል»ንና «የአየር ዋሻ»ን በሚመለከት፣ በየአካባቢያቸው የሚነገር የተሻለ ቃል ያላቸው አንባብያን እንዲጽፉልን እንጠይቃለን።